የአሥራ ሦስት ሰዓት ሥራ ዋጋ

ጄኔቫ፣ ካሩዥ ሰፈር፣ ከቤቴ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ያለው ጋራዥ ባለቤት ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋ አድርጎ ጣቱን ከታች ባለው ቁጥር ላይ አሳረፈ። ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ፍራንክ። ቁጥር ማንበብ ድሮም አስቸግሮኝ አያውቅም።

«ለምኑ?» አልኩት።

ኮፋኖዋ ተከፍቶ ወደቆመችው መኪናዬ ወሰደኝና የሞተሩን አናት በእጁ መታ መታ አደረገ። ከላይኛው ክፍልና ከታችኛው ክፍል መሀል የምትገባ ስስ ነገር አለች፣ እሷ ተቃጥላለች አለኝ። ስሟን በፈረንሳይኛ ነገረኝ፤ እኔ ግን ገና እጁን ሲያሳርፍ ገብቶኝ ነበር። ባለቤቴ ጥላዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አዲስ አበባ ላዳ ታክሲ ይነዳ ስለነበር በሽታውን በስሙ አውቀዋለሁ። የቴስታታ ጓርኒሲዮን። ጥላዬ ይህን ሲናገር ሰው ስለ ክፉ በሽታ ሲያወራ እንደሚያደርገው ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

«መኪናዎ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው» አለኝ ሰውዬው። «ብትሸጥ አንድ ሺህ ሁለት መቶም አታወጣም። እኔ ብሆን አላሠራትም። እስኪወስኑ ግን አይንዷት።»

ወረቀቱን፣ እዚህ ዴቪ የሚሉትን የዋጋ ግምት፣ አራት ቦታ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሥራዬ ከከተማ ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው። አጸዳለሁ፣ አልጋ አነጥፋለሁ። ፈረቃዬ የሚጀምረው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን የመጀመሪያው አውቶቡስ እዚያ የሚደርሰው ከዚያ አርባ ደቂቃ ዘግይቶ ነው። መኪና ከሌለ ፈረቃው የለም፤ ፈረቃው ከሌለ ሥራው የለም። ኃላፊያችን ደግ ሴት ናት፤ ሦስት ሳምንት ሰጠችኝ። ከዚያ ካለፈ ፈረቃውን ለሌላ ሰው መስጠት አለብኝ አለች። አልተቀየምኳትም።

ያን ቀን ማታ ለሩሐማ ደወልኩ።

ሩሐማ ልጄ ናት፤ ያለችኝም እሷ ብቻ ናት። ዙሪክ፣ ኦርሊኮን ውስጥ ባለ ጋራዥ የመኪና ጥገና ትማራለች። አራተኛና የመጨረሻ ዓመቷ ነው፤ በሳምንት አራት ቀን ጋራዥ፣ አንድ ቀን ትምህርት ቤት። ጄኔቫ የሚቀበላት ስታጣ በአሥራ ስምንት ዓመቷ፣ ከትምህርት ቤት በለቃቀመቻት ጀርመንኛ፣ ብቻዋን ሄዳ ነው ያን ቦታ ያገኘችው። ልኮራበት ይገባኝ ነበር። አልኮራሁም። ሃያ ዓመት የሰው ወለል የወለወልኩት የእሷ እጅ ንጹሕ ሆኖ እንዲቀር ነው ብዬ አስብ ነበር። አንድ ገና ልትጠይቀኝ መጥታ ጥፍሮቿ ሥር ጥቁር ዘይት ሳይ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ቤተ ክርስቲያን ሚሪያም፣ ልጇ ሎዛን ሕክምና የሚማርላት፣ «ሩሐማስ ምን ነበር የምትማረው?» ስትለኝ «ቴክኒክ ነገር ነው» እላታለሁ፤ ቶሎ ብዬም ስለ ልጇ እጠይቃታለሁ።

ጥፋቱ ደግሞ የእኔው ነው። መንጃ ፈቃድ ላወጣ የጽሑፍ ፈተናውን ስዘጋጅ ማንበብ አልችልም ነበር። ሩሐማ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ወጥ ቤት ተቀምጣ ጥያቄዎቹን እያነበበችልኝ፣ እኔ ሥዕሎቹን እያየሁ፣ መልሱን በቃሌ አጠናሁ። ሦስተኛው ጊዜ ላይ አለፍኩ። እሷ ግን መጽሐፉን አልመለሰችም፤ ትራሷ ሥር አድርጋ ትተኛ ነበር።

«ዴቪውን ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፣ እማ» አለችኝ። ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«እኔ እሠራታለሁ።»

«ምኑን?»

«መኪናዋን። እዚህ አምጫት። ማይስተሩን እጠይቀዋለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቦታ ይሰጠኛል።» ማይስተር የምትለው የጋራዡን ጌታ፣ አሠልጣኟን ነው።

«ይህ እኮ ጎማ መቀየር አይደለም፣ ሩሐማ። አባትሽ ይህን ሲፈታ ሦስት ሰው ይጠራ ነበር።»

«አባዬ የፈታው ላዳ ነው። ላዳ ሦስት ሰው ያስፈልጋታል፤ አንዱ ለመፍታት፣ ሁለቱ ለመግፋት።»

«አትቀልጂ። ፈተናሽ ሁለት ወር ነው የቀረው።»

«እና?»

«እና ባይሳካልሽስ?»

 ከኋላዋ የትራሙ ደወል ይሰማኛል።

«እማ» አለች በመጨረሻ፣ «የማላውቀው ሰው ቁልፉን ሰጥቶኝ ይሄዳል። ፍሬን ሠርቼለት ልጆቹን ጭኖ ይነዳል። አንቺ ብቻ ነሽ የማታምኚኝ።»

ስልኩን ከዘጋን በኋላ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም ማለት ይቻላል። የፈራሁት ለመኪናዋ ብቻ አልነበረም። ብታበላሸው፣ በእናቷ መኪና ላይ የተሸነፈች ልጅ ሆና ፈተና ትገባለች። ለሌላ ሰው ብሰጣት ደግሞ ያንን «የማታምኚኝ» ያለችኝን ቃል እስከ መቼም አልረሳውም። በሦስተኛው ቀን ለአምሃ ደወልኩ።

አምሃ ክሎተን፣ የዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ድሮ ጄኔቫ ሳለ ጎረቤቴ ነበር። ከጓደኛው ተጎታች ተውሶ ዓርብ ዕለት መጣ። መኪናዬን ሲጭን ዞሮ ዞሮ አያት።

«እትዬ የወይንሐረግ፣ የጫንነው ሬሳ ነው ወይስ ታማሚ?»

«ታማሚ ናት። ቀስ ብለህ ንዳ።»

«ማን ሊያክማት ነው?»

«ሩሐማ።»

ለካስ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ያን ያህል ከባድ አልነበረም። አምሃ ፉጨቱን ለቀቀና፣ «እንዲያ ከሆነማ ሂሳቡን ከአሁኑ ይዘጋጁበት፣ ዙሪክ ሐኪም ውድ ነው» አለኝ። ሎዛን እስክናልፍ በዚህ ሲስቅ ነበር።

ጋራዡ ከኦርሊኮን ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ስንገባ ወለሉ እኔ ካጸዳሁት የማይተናነስ ንጹሕ ሆኖ አገኘሁት፤ ይህ ትንሽ አረጋጋኝ። ማይስተሩ ጠጉሩ የነጣ፣ ከጆሮው ላይ እርሳስ የማይለየው ሰው ነው። ጨበጠኝና ከሩሐማ ጋር በጀርመንኛቸው ተነጋገሩ። ልጄ በማልሰማው ቋንቋ እየተፋጠነች ስትከራከር ቆሜ አየሁ። የሥራ ልብሷ ላይ ስሟ በጥልፍ ተጽፏል። የላቲን ፊደል ብዙ ባላውቅም ያንን አነበብኩት።

«ምን ይላል?» አልኳት።

«ሞተሯ ብዙ ጊዜ ፈልታ ከሆነ ቴስ... ምን ነበር ያልሽው?»

«ቴስታታ።»

«እሱ ይጣመማል፤ ወይም ይሰነጠቃል። ከተሰነጠቀ ድካሙ ለምንም አይሆንም። ፈተና ስላለብኝ በሞተ ሞተር ላይ ቅዳሜዬን እንዳቃጥል አይፈልግም። ስንት ጊዜ ፈላች?»

«ፈልታ አታውቅም።»

ሩሐማ አልተረጎመችውም። «እማ፣ ደንበኛ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።»

ቦርሳዬን ከፍቼ ደብተሬን አወጣሁ።

ስለ ደብተሩ መናገር አለብኝ። ከዓመት ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት ወይዘሮ ጸሐይነሽ የሚባሉ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ እኔንና ሌሎች አራት ሴቶችን አማርኛ ማንበብና መጻፍ ያስተምሩናል። የቤት ሥራችን አንድ ነው፤ በየቀኑ የሠራነውን አንድ እውነተኛ ነገር ከቀኑ ጋር መጻፍ። ከእኔ ቀን ውስጥ ምን ይጻፋል? አልጋ አነጠፍኩ፣ ወለል ወለወልኩ። አንድ ነገር ግን ጠዋት ጠዋት ከጥላዬ እንደተማርኩት አደርጋለሁ፤ ኮፋኖ ከፍቼ የራዲያተሩን ውሃ አያለሁ፣ ከጎደለም እሞላለሁ። አዲስ አበባ ባለታክሲ ሁሉ ከኋላ ጀሪካን ይዞ ይዞር ነበር። መኪና ጠዋት ውሃ ይጠጣል ብዬ ነው የማውቀው። እና እሱን ጻፍኩ፤ ሌላ የምጽፈው ሳጣ የሙቀቱን መርፌም ጨመርኩበት።

ማንበብ ጀመርኩ። «ጥር ሦስት። ግማሽ ብርጭቆ ውሃ አጠጣኋት። መርፌው ግማሽ ላይ ነው። ጥር ዘጠኝ። አንድ ብርጭቆ። መርፌው ግማሽ ላይ ነው። የካቲት ሃያ። ሁለት ብርጭቆ። በረዶ ነበር። መርፌው ግማሽ ላይ ነው...»

ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ረጅም ቃል ላይ ስደርስ ጣቴን አሳርፋለሁ። ሩሐማ እየተረጎመች ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ አቆመች። ቀና ስል እያየችኝ ነበር። ሳነብ ሰምታኝ አታውቅም ነበር።

«ቀጥይ እንጂ፣ ሰውዬው እየጠበቀ ነው» አልኳት።

ማይስተሩ ደብተሩን ተቀብሎ አንድ ፊደል የማያውቅበትን ጽሑፍ ገጽ በገጽ ገለጠ። በጣቱ በቁጥር የተጻፉትን ቀኖች ተከተለ፤ አንድም አልተዘለለም። ከዚያ፣ «ምን ዓይነት ውሃ?» ብሎ አስጠየቀኝ።

«የቧንቧ።»

እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ግንባሩን አሸበት። በሩሐማ አፍ ረጅም ነገር ነገረኝ። እዚህ አገር የሚጨመረው ልዩ ቀለም ያለው ፈሳሽ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ያዝጋል፣ በብርድም ረግቶ ሞተር ይሰብራል። ደግሞ ጤነኛ መኪና ከአንድ ፋሲካ እስከ ሌላው አንድ ብርጭቆ አትጠጣም። በየጠዋቱ የምትጠጣው ታምማ ስለነበር ነው።

ጆሮዬ ጋለ። «እኔ ነኝ እንግዲህ በሽታዋን የደበቅኩት?»

ሩሐማ ጠየቀችው፤ መለሰላት።

«አዎ፣ ደብቀሻል ይላል። ግን አንድም ቀን በደረቁ ስላልነዳሻት ሳትሞት አትቀርም... ማለቴ፣ ሳትተርፍ አትቀርም። ወይ አማርኛ! በሕይወት ሳለች ነው ያመጣሻት ይላል። እንክፈታት።»

ከጎማ መደርደሪያው አጠገብ ወንበር ሰጡኝ። ሩሐማ አንድ ሕግ አወጣችልኝ፤ አለማውራት። ዝም ብዬ አየሁ። የፈታችውን ብሎን ሁሉ በካርቶን ላይ በሣለችው ሞተር፣ በየቦታው ሰካችው። መሣሪያ ስታነሳ አትፈልግም፤ እጇ ይሄዳል፣ መሣሪያው እዚያ አለ። አንድ ብሎን ሲያስቸግራት ትንሽ ዘይት አደረገችበትና ሌላ ሥራ ሠርታ ተመለሰች፤ አልታገለችውም። ልጅነቷን አውቃለሁ፤ ጫማዋ ሲቋጠርባት የምትበጥስ ልጅ ነበረች።

ከምሳ በኋላ ቴስታታውን አነሳችውና ከሥሩ ያለችውን ነገር ልጣ አመጣችልኝ። እንደ ካርቶን የሳሳች፣ አራት ትልልቅ ቀዳዳ ያላት፤ በሁለቱ ቀዳዳዎች መሀል ጠቁራ ተበልታለች።

«ይቺ ናት?» አልኩ ሕጉን ጥሼ።

«ይቺ ናት።»

«ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ?»

ሳቀች። «ዴቪው አለሽ?» ሳወጣላት በዘይት እጇ እንዳትነካው በክርኗ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ይኸው፣ እሷ ሰማንያ አምስት ፍራንክ ናት። ይኼ ገጹን በማሽን ለሚያስተካክለው ቤት። ይኼ ዘይትና ፈሳሽ፣ ቀበቶ፣ ቀረጥ። ቀሪው ይኼ ነው፤ አሥራ ሦስት ሰዓት፣ በሰዓት መቶ ስልሳ አምስት።»

«መቶ ስልሳ አምስቱ ለማን ነው?»

«ለሥራው ነዋ። ለሚሠራው ሰው። ሁሉም ኪሱ አይገባም፣ ለቤቱም ነው፤ ግን የሥራው ዋጋ እሱ ነው።»

«አንቺ የምትሠሪው ይህንኑ ነው?»

«ይህንኑ ነው፣ እማ።»

ወደ ሞተሩ ተመለሰች። እኔ ወረቀቱን ይዤ ቀረሁ። ሳምንት ሙሉ ያን ቁጥር ሳየው ዘረፋ ነው እያልኩ ነበር። እኔ መቶ ስልሳ አምስት ለማግኘት ስድስት ሰዓት ተኩል እጎነበሳለሁ። አሁን የማየው ሌላ ነገር ነው። ስሷ ነገር ሰማንያ አምስት ናት፤ ማንም ገዝቶ በኪሱ ሊይዛት ይችላል። ውድ የሆነው የት እንደምትገባ፣ እንዴት እንደምትገባ የሚያውቀው እጅ ነው። በዚህ አገር፣ ሰው ለሁሉ ነገር ዋጋ ጠይቆ በሚገዛበት አገር፣ ያንን እጅ እንደዚህ ብለው ተምነውታል። እና ያ እጅ ጥፍሩ ሥር ዘይት አለበት፤ እኔም መታጠቢያ ቤት ገብቼ አልቅሼበታለሁ።

ማይስተሩ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ቴስታታው ገጽ ላይ አጋድሞ፣ እንደ ምላጭ የሳሳ ብረት ከሥሩ ሊያስገባ ሞከረ። በአንዱ በኩል አልገባም። በመሀል አልገባም። በዳር በኩል ትንሽ ገባ። 

«አልተሰነጠቀም» አለችኝ ሩሐማ። «ትንሽ ነው የጎበጠ፤ በማሽን ይስተካከላል። ለሚመጣው ቅዳሜ ይደርሳል።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ በባቡር ሄድኩ። የተስተካከለው ቴስታታ እንደ መስተዋት ያበራል። አዲሷን ጓርኒሲዮን ስታስቀምጥ ሩሐማ እጇን ሁለቴ ታጠበች። ብሎኖቹን የምታጠብቀው ከመሀል ጀምራ ወደ ዳር ነው፤ አንዱን ከዚህ፣ ቀጥሎ ከወዲያ፣ ሁሉንም ትንሽ ትንሽ፣ ከዚያ እንደገና ከመሀል። የምታጠብቅበት መሣሪያ ልኩ ሲደርስ ቀጭ ይላል። እያንዳንዱ ቀጭ ሲል እኔ በልቤ አንድ ጊዜ እመብርሃን እላለሁ። እሷ ደግሞ በአፏ ትቆጥራለች፤ በአማርኛ ነበር የምትቆጥረው።

አመሻሽ ላይ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ተነሳ፤ ወዲያው ከኋላ ነጭ እንፋሎት ፈንቅሎ ወጣና ጋራዡን ሞላው። ጥላዬ ነጭ ጭስ ካየ ተስፋ ይቆርጥ ነበር። ከወንበሬ ተነሳሁ።

«ሩሐማ! አጥፊው!»

«ቁጭ በይ፣ እማ።»

«ነጭ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ። ጭስ ማውጫው ውስጥ የቀረ ውሃ ነው፤ ይተናል። አሥር ደቂቃ።»

ልጮህባት ነበር። ፊቷን አየሁ። ጭሱን አልነበረም የምታየው፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሞተሩን ታዳምጠው ነበር፤ ሐኪም ደረት እንደሚያዳምጥ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ማይስተሩም ከቢሮው በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ሊረዳት አንድ እርምጃ አልተራመደም። አምስት ደቂቃ ሆነ። ሰባት ሆነ። እንፋሎቱ ሳሳ፣ ከዚያ ተቆራረጠ፣ ከዚያም በጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ምንም አልነበረም። የሙቀቱ መርፌ ግማሽ ላይ ወጥቶ ቆመ።

ማይስተሩ ሰዓቱን አይቶ አንድ ነገር አላት። ሩሐማ ጨርቅ አንስታ እጇን መጥረግ ጀመረች።

«ምን አለ?»

«ምንም።»

«ሩሐማ!»

«መጽሐፉ አሥራ ሦስት ሰዓት ይላል፣ አሥራ ሁለት ተኩል ነው የፈጀብሽ አለኝ።» ጆሮዋ ቀላ። «ደግሞ ለፈተናው አይፈራልኝም።»

ሂሳቡን ሲጽፍልኝ ለዕቃውና ለማሽን ቤቱ የወጣውን አስከፈለኝ። የሥራ ዋጋ የሚለው መስመር ላይ ምንም ሳይጽፍ ሊያልፍ ነበር። እንዲጽፈው ለመንኩት። ሩሐማ «ለምን? ልትከፍዪ ነው?» ብላ ደነገጠች። አልከፍልም፤ ግን ይጻፍ አልኳት። ሰውዬው ገባው መሰለኝ፤ አሥራ ሦስት ሰዓት፣ በሰዓት መቶ ስልሳ አምስት ብሎ ሙሉውን ጻፈ፤ እንደማይከፈል ለማሳየት በላዩ አንድ ቀጭን መስመር አሰመረበትና ከጎኑ የልጄን ስም አኖረ። ከመስመሩ ሥር ቁጥሩ ጥርት ብሎ ይነበባል።

እሑድ መኪናዬን ራሴ እየነዳሁ ጄኔቫ ገባሁ። ሰኞ ፈረቃዬ ላይ በሰዓቱ ደረስኩ። ኮፋኖ መክፈቱን አልተውኩም፤ ሮዝ የሆነው ፈሳሽ ግን ከምልክቱ ዝቅ አላለም። ማክሰኞም፣ ረቡዕም። ደብተሬ ላይ «ዛሬም አልጠጣችም» ብዬ ጻፍኩ። ወይዘሮ ጸሐይነሽ አንብበው፣ «እንግዲህ ሌላ የምትጽፊው ፈልጊ፣ የወይኔ» አሉኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ሚሪያም ከመኪናዬ አጠገብ አገኘችኝ።

«ተሠራች? እኔ ጣልሻት ብዬ! የት አሠራሻት?»

«ዙሪክ። ሩሐማ ናት የሠራቻት። መኪና ጠጋኝ ናት ልጄ። ሞተሩን ፈትታ፣ ቴስታታውን አውርዳ፣ መልሳ ገጠመችው።» ኮፋኖውን ከፈትኩት። ከእኛ ጋር የወጡት ሴቶች ሁሉ ነጠላቸውን ዘይት እንዳይነካው ሰብስበው ጎንበስ አሉ። ምን እንደሚያዩ አያውቁም፤ እኔ ግን አንድ በአንድ አሳየኋቸው።

ሚሪያም ትንሽ አሰበችና ጠጋ አለችኝ። «የእኔዋም ሰሞኑን ስትነሳ ድምፅ ታሰማለች። ሩሐማ ስትመጣ ታይልኛለች?»

«ታይልሻለች» አልኳት ኮፋኖውን እየዘጋሁ። «በሰዓት መቶ ስልሳ አምስት ነው።»

አፏን ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ዋጋውን ግን አልቀነስኩላትም።